ዶን ሊሳንድሮ የገባበት ውሃ

የአማብሌን የሬሳ ሣጥን የገዛው ዶን ሊሳንድሮ ነው። ቫርኒሽ የተቀባ፣ የነሐስ እጀታ ያለው፣ ሎስ ሁንኮስ መንደር ውስጥ ድሃ ተቀብሮበት የማያውቅ ሣጥን። የሟቹ እናት ቴዎፊላ በዚያ ቀን እጁን በሁለት እጇ ይዛ «እግዜር ይስጥልኝ ዶን» ብላዋለች። በኋላ ይህችን ምስጋና ባስታወሰች ቁጥር ምላሷን ከሥሩ ነቅላ ብትጥለው ደስ ባላት።

አማብሌ ሩዝ ተካይ ነበር፤ ሃያ ስድስት ዓመቱ፣ ገና ያላገባ፣ ሳቅ የማይሰስት። በየካቲት ለአንድ ጎረቤት ደቦ ወጥተው ቀኑን ሙሉ ውሃ በተኛበት ማሳ ሲተክሉ ዋሉ። ሥራው ሲያልቅ እንደ ወጉ የመስኖ ቦዩ መዝጊያ ጋ ወርደው ጭቃቸውን ታጠቡ፤ ባለማሳው ሩም የሚባለውን የሸንኮራ አረቄ አዞረ፤ ከበሮ ተመታ። ከሳምንት በኋላ አማብሌ ብርድ ብርድ አለው። ጤና ጣቢያው ጉንፋን ነው አለ፤ ቀጥሎ የለም፣ ደንጊ የሚሉት የትንኝ ንዳድ ነው አለ። ባቶቹ መሬት አላስረግጥ አሉት፤ ዓይኖቹ ደም መሰሉ፤ ከዚያ ገላው እንደ በሰለ ማንጎ ቢጫ ሆነና ሽንቱ ቆመ። ከዚያው ደቦ ሌሎች ሦስት ሰዎችም ተከተሉት።

ቴዎፊላ አለቀሰች። ለቅሶው ሲያልቅ ከሥሩ ቂም ወጣ። ልጄን የገደለ ነገር አለ፤ ያ ነገር ደግሞ ባለቤት አለው፤ የባለቤቱን ስም ካገኘሁ እንደ ልጄ ቢጫ ሆኖ ሲሞት ቆሜ አያለሁ አለች። ይህን ለአበልጇ ለሴቬሪያኖ ስትነግረው ሽማግሌው አማተበ።

«አበልጄ፣ በሽታ እኮ ነው። በሽታ ባለቤት የለውም።»

«ውሻ እንኳ ባለቤት አለው» አለችው።

ዶክተር ያኒሪስ የመጣችው ያን ሰሞን ነው። ከዋና ከተማው የተላከች የእንስሳት ሐኪም ናት፤ ቦት ጫማ የማታወልቅ፣ ስትናገር የምትቸኩል አጭር ሴት። የመንደሩ ሰው ለምን የእንስሳት ሐኪም እንደላኩለት አልገባውም፤ የሰደቡት የመሰለውም ነበር። እሷ ግን በየቤቱ እየዞረች አስረዳች። ሕዝቡ የአይጥ በሽታ የሚለው ይህ በሽታ አይጥ ብቻ አያመጣውም። ውሻም፣ ላምም፣ አሳማም ይሸከመዋል። እንስሳው አያመውም፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይወፍራል። በሽታው የሚወጣው ከሽንቱ ጋር ነው። ሽንቱ ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ሰው የተጫረ እግሩን ይዞ እዚያ ውሃ ውስጥ ይገባል።

«የኔን ልጅ የገደለው የቱ ነው ታዲያ?» አለቻት ቴዎፊላ።

«እሱን ነው የምፈልገው። ባክቴሪያው ብዙ ዘር አለው፤ የአይጡ ሌላ፣ የውሻው ሌላ፣ የአሳማው ሌላ። የልጅሽ ደም ሆስፒታል ተቀምጧል። ደም የታገለውን ዘር አይረሳም፤ የየቱን እንደሚያውቅ ላብራቶሪው ይነግረናል። ከዚያ ያ ዘር የት ቤት እንዳለ መፈለግ ነው።»

«አብሬሽ እፈልጋለሁ።»

«ክፍያ የለኝም እኮ።»

«ማን ክፍያ ጠየቀሽ?»

ሎስ ሁንኮስ ውስጥ ቴዎፊላን የማያውቅ ውሻ ስለሌለ ከፊት ከፊት እሷ ሄደች። ደም እንዲቀዳላቸው ውሾቹን ይዛ አስወጋች። በየጓሮው፣ በየጎተራው ሥር የአይጥ ወጥመድ ዘረጋች። የላሞቹን ሽንት በጠርሙስ ለመቀበል ከኋላቸው ቆማ ስትጠብቅ መንደሩ በሳቅ ሞተ። ሴቬሪያኖ ደግሞ ውሻው ከተወጋ በኋላ ለሰው ሁሉ እንዲህ እያለ አወራ፦ «መርፌው ሲገባበት ዘወር ብሎ እኔን ነው ያየኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ተኮራርፈናል።»

ዶን ሊሳንድሮ ጋ የሄዱት መጨረሻ ላይ ነው። የሩዝ መፈልፈያው የእሱ ነው፤ ከመንደሩ በላይ ቦዩ ዳር ያለው ትልቁ የአሳማ በረትም የእሱ ነው። ጥላ ሥር አስቀምጦ የቺኖላ ፍሬ ጭማቂ በበረዶ አቀረበላቸው። ቢሮው አጠገብ የታሠሩ፣ እንደ ሙሽራ የታጠቡ ሁለት እናት አሳማዎችም አሳያቸው።

«እኔን ሐኪም ካየኝ ዓመት ሆኖኛል፤ እነሱን በየሳምንቱ ያያቸዋል» አለ እየሳቀ። «የበረቱ እጣቢም እዚያ ኩሬ ውስጥ ነው የሚቀረው። አንዲት ጠብታ ወደ ቦዩ አትወጣም።»

«ሌሎቹን ማየት እንችላለን?» አለች ዶክተሯ።

«ይቅርታሽን ልጄ። እንግዳ ሰው በሽታ ያመጣባቸዋል።»

መንገድ ላይ ዶክተር ያኒሪስ ወደ በረቱ ዞር ብላ አየች። ከዚያ «በበረት ካላስገቡን በሥጋ ቤት እንገባለን» አለች። ባክቴሪያው ተደብቆ የሚኖረው ኩላሊት ውስጥ ነው፤ የዶን ሊሳንድሮ አሳማዎች ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያው ጥግ ይታረዳሉ። ከዚያ ወዲህ ቴዎፊላ በየቅዳሜው ማልዳ ትኩስ ኩላሊት እየገዛች በረዶ በሞላ ሳጥን ውስጥ ታስቀምጥ ጀመር። «ሀዘን እንዲህ ያስርባል እንዴ? ቴዎፊላ እኮ ኩላሊት ለመደች!» አሏት። ሆድ ይፍጀው ብላ ሳጥኗን ዘጋች።

አንድ እሑድ ደግሞ ሰው ሁሉ ቅዳሴ ላይ ሳለ የቦዩን ጭቃ ከላይ እስከ ታች እየቆፈሩ በጠርሙስ ለመሙላት ወረዱ። ከመዝጊያው ትንሽ ከፍ ብሎ ሸምበቆው ውስጥ አንድ ነገር ይንፏፏል። ዶክተሯ ሸምበቆውን በእጇ ከፈተችው። ክንድ የሚያክል ቧንቧ ነው፤ ከዶን ሊሳንድሮ ኩሬ የሚመጣ ቡናማ፣ የሚከረፋ እጣቢ ወደ ቦዩ ይተፋል። መንደሩ ሲጸልይ የሚከፈት ቧንቧ ነበር። ቴዎፊላ ዳሩ ላይ ቁጭ አለች። አማብሌ በደቦው ቀን ፊቱን የታጠበው ከዚች ቧንቧ ሥር እንደሆነ ታውቃለች፤ ሩሙን ሊጠጣ አፉን የተጉመጠመጠውም እዚሁ ነው። አላለቀሰችም። ስሙን አግኝታለች።

የላብራቶሪው ውጤት ሲመጣ ዶክተሯ ራሷ ቤቷ ድረስ ሄዳ ነገረቻት። አይጦቹ የራሳቸው ዘር አለባቸው፣ ውሾቹም የራሳቸው። የአራቱም ሟቾች ደም ግን የሚያውቀው የአሳማውን ዘር ነው። ከኩላሊቶቹ የወጣው እሱ ነው፤ ከቧንቧው በታች ካለው ጭቃ የወጣውም እሱ ነው። ከቧንቧው በላይ ያለው ጭቃ ንጹሕ ነው።

«አሁን ያስሩታል?» አለች ቴዎፊላ።

«ጽሑፌን ለጤና ቢሮው አስገብቻለሁ።»

ቢሮው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ዶክተር ያኒሪስ ምስጋና ተሰጥቷት ወደ ዋና ከተማው ተጠራች። በምትኳ የመጣው ሹም በድምፅ ማጉያ በየመንገዱ እየዞረ ይህ የአይጥ በሽታ ነው፣ ግቢያችሁን አጽዱ፣ ቆሻሻችሁን ቅበሩ አለ። ዶን ሊሳንድሮ ደግሞ ከኪሱ የአይጥ መርዝ ገዝቶ ለመንደሩ አደለ። ሴቬሪያኖ ድርሻውን ተቀብሎ ሲመለስ «ድሮ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ነበር የሚባለው። አሁን አሳማ በሸና አይጥ ተመታ» አለ። የሰሙት ሁሉ ሳቁ።

የቴዎፊላን ድርሻ ዶን ሊሳንድሮ ራሱ ይዞላት መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ግቢዋን ከጥግ እስከ ጥግ ቃኘ።

«ቴዎፊላ፣ እንዲህ አይደረግም። አጽጂ እንጂ። ሌላ ሰው ደግሞ እንዳታጪ።»

ፓኮውን ተቀበለችው። እሱ ሲሄድ በሩን ዘግታ ተደግፋው ቆመች። ከፊት ለፊቷ ጥግ ላይ የመንደሩ ቅዱስ ዮሐንስ ቆሟል፤ ክንድ የሚያህል፣ ቀለሙ የተላላጠ የእንጨት ምስል። የዚያ ዓመት የቅዱሱ ጠባቂ አማብሌ ስለነበር ምስሉ እሷ ቤት ነው የከረመው።

የሎስ ሁንኮስ ወግ እንዲህ ነው። ቅዱሱ በየዓመቱ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ያሳደረው ሰው ለበዓሉ የዘጠኝ ቀን ጸሎት ሲጀመር ለወደደው ያስረክባል፤ ጠባቂው ከሞተ እናቱ ታስረክባለች። የተሰጠው ሰው እንቢ አይልም። እንቢ ያለ እንደሆነ የዓመቱ ዝናብ መቅረት በእሱ ይላከካል፤ ሩዝ አምራች መካከል እየኖሩ ይህን የሚሸከም ትከሻ የለም። በሰኔ፣ በበዓሉ ንጋት፣ አዲሱ ጠባቂ ምስሉን ታቅፎ ባዶ እግሩን በታጨደው ማሳ ላይ አቋርጦ ቦዩ መዝጊያ ጋ ይወርዳል። መጀመሪያ እሱ እስከ ደረቱ ገብቶ ሦስት ጊዜ ይጠልቃል፤ ከዚያ መንደሩ ይከተለዋል።

ጸሎቱ በተጀመረበት ቀን ቴዎፊላ ጥቁሯን ለብሳ ምስሉን ታቅፋ ጸሎት ቤቱ መሃል ቆመች።

«ልጄን በክብር የቀበሩልኝ ዶን ሊሳንድሮ ናቸው» አለች። «ውለታ አልረሳም። ቅዱሱን ለእርሳቸው ሰጥቻለሁ።»

ሰው አጨበጨበ። ዶን ሊሳንድሮ ዓይኗን አየ፤ ያየው ነገር ለአፍታ ፊቱን አጠቆረው። ከዚያ ፈገግ ብሎ እጁን ዘረጋ።

ሞኝ አይደለም። በማግስቱ ቧንቧው ተዘጋ። የላይኛው መዝጊያ ተከፍቶ ንጹሕ ውሃ ቦዩን ቀን ከሌት አጠበው። በዓሉ ሲቃረብ ከሥሩ ያለው ጭቃ ሳይቀር ይታይ ነበር። ቴዎፊላ ሱቅ ሄዳ ለዶክተር ያኒሪስ ደወለች።

«ቧንቧው ተዘግቷል። ውሃውም ጠርቷል። አሁንስ?»

«ውሃውን ተይው፤ ጭቃው ነው ጣጣው» አለች ዶክተሯ በጥድፊያ። «ጭቃው ለሳምንታት ይዞት ይቆያል። ሲረገጥ ይነሳል። ማንም እንዳይገባ ቴዎፊላ፣ በእመቤቴ። ለሁሉም ንገሪ።»

«እነግራለሁ።»

ለሁሉም ነገረች፤ ከአንድ ሰው በቀር። አራት ሰው የሞተበት መንደር ሀዘን ላይ ነው፤ ዘንድሮ ጠባቂው ብቻ ይግባ፣ ሌላው ዳር ይቁም አለች። ምክንያቱን ያወቀም ያላወቀም እሺ አላት። ሴቬሪያኖ ግን ክንዷን ይዞ ወደ ጎን ወሰዳት።

«አበልጄ፣ ይሄ ኃጢአት ነው።»

«ኃጢአቱን እኔ እሸከመዋለሁ። አንተ ዳር ቁም።»

በበዓሉ ንጋት ከበሮው እየመራ ወረዱ። ዶን ሊሳንድሮ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ ጫማ ብቻ በለመደ ለስላሳ እግሩ ከአጨዳ የቀረውን የሩዙን አገዳ ቆረን እየረገጠ ሄደ። ቆረኑ እንደ ምላጭ ነው፤ ቦዩ ዳር ሲደርስ ቁርጭምጭሚቱ ላይ የደም ክሮች ነበሩበት። ቴዎፊላ ከእግሩ ላይ ዓይኗን አልነቀለችም።

ገባ። እስከ ደረቱ ገብቶ ጭቃውን በእግሩ እያንቦራጨቀ መሃል ላይ ቆመ።

«ይኸው!» አለ ምስሉን ከፍ አድርጎ። «ውሃችን ተመርዟል ያሉ ነበሩ። እዩት! ከዚህ የጠራ ውሃ የት አለ?»

ሦስት ጊዜ ጠለቀ። ሦስተኛውን ሲወጣ አፉን ሞልቶ ተጉመጥሙጦ እንትፍ አለና ሳቀ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ ያን ቀን ግን ይህን ተረት አፍ አውጥቶ የተናገረ የለም።

«ቴዎፊላ! ምነው ዳር ቆምሽ? ቅዱሱ እኮ እየጠበቀሽ ነው!»

«ሀዘን ላይ ነኝ ዶን። እርስዎ ይግቡልን።»

ከዚያ ጠበቀች። ሩዝ ስትፈትግ፣ ፕላታኖ የሚሉትን የሚቀቀል ሙዝ ስትልጥ፣ የጎረቤት ልብስ ስታጥብ ትጠብቃለች። አንዳንዴ መሸበር ይይዛትና በዚያ ውሃ ምንም ባይሆንስ ትላለች። ዶን ሊሳንድሮን ሲያስነጥስ አዩት ሲባል ሰማች። መፈልፈያው ጋ አልመጣም ሲባል ሰማች። በመጨረሻ ሚስቱ ዶኛ ፊዮርዳሊሳ ራሷን በሻሽ እንኳ ሳትሸፍን የቴዎፊላ በር ላይ መጥታ ቆመች።

«ቆዳው ቢጫ ሆኗል» አለች ሳትቀመጥ። «ያንቺም ልጅ እንዲህ ነበር አሉኝ። ሐኪሙ ደንጊ ነው ይላል። ውሃ ውስጥ ገብተዋል ወይ ብሎ ሲጠይቀው አልገባሁም ይላል! በዓይኔ ያየሁትን! ልናገር ስል ዝም በይ ብሎ ይቆጣኛል። እየሞተ ይቆጣኛል፣ ቴዎፊላ! ምን ነበር የልጅሽ በሽታ? በእግዜር፣ ነይና ንገሪልኝ።»

ቴዎፊላ ጥቁር ቀሚሷን ለበሰች። ልታድነው አልነበረም የሄደችው። ለማየት ነው።

ከተማው ውስጥ ያለው የግል ክሊኒክ ነጭ አልጋ ላይ ተንጋሎ አገኘችው። ዓይኖቹ ደም መስለዋል፤ ገላው ቢጫ ነው፤ አልጋው ሥር የተንጠለጠለችው የሽንት ከረጢት ባዶዋን ናት። ባቱን ነርሷ ስትነካው ጮኸ። ቴዎፊላ ደስ አላት፤ ደስታው እንደ ትኩስ ሾርባ ሆዷ ድረስ ወረደ። የልጇን እያንዳንዱን ሰዓት አስታወሰችና እያንዳንዱን ሰዓት በዚህ አልጋ ላይ መልሳ አየችው።

ከመጋረጃው ውጭ ወንድሙ በስልክ ያወራ ነበር። «ደንጊ ነው፣ አዎ፣ ክፉ ዓይነት። ምን ይደረግ፣ የትንኝ ነገር። ከሞተ ቀብሩ ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ መንደሩን በሙሉ በአውቶቡስ እናመጣለን...»

ደስታዋ ያን ጊዜ ቀዘቀዘ። ተመልሳ ፊቱን አየች። ዓይኑን ገልጦ ያያታል፤ አእምሮው ደህና ነው። ያውቃል። ምን እንደያዘው ከሐኪሙ በፊት ያውቃል፤ ከጤና ቢሮው የደረሰውን የዶክተር ያኒሪስን ጽሑፍ አንብቦታል። እያወቀ ነው ዝም ያለው። በደንጊ ሞቶ፣ ታልቅሶለት፣ በትልቁ ቤተ ክርስቲያን ሊቀበር ነው። አማብሌ ደግሞ ለዘላለም በአይጥ የሞተ፣ ግቢዋን የማታጸዳ እናት ልጅ ሆኖ ሊቀር ነው። ይህ ሰው ከሞተ ያመልጣታል።

ወንበሩን ሳበችና አፏን ወደ ጆሮው አስጠጋች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አለችው።

«ስማኝ። ጭቃው ውስጥ እንዳለ አውቄ ነው ቅዱሱን የሰጠሁህ። አንተም ያለብህን ታውቃለህ። ዝም ብለህ ልታመልጠኝ ነው?»

ሊናገር ከንፈሩን ከፈተ፤ አላስጀመረችውም።

«አታመልጥም። ብትሞት ዶክተር ያኒሪስን እጠራታለሁ። የሞተ ሰው ኩላሊትም እንደ አሳማ ኩላሊት ይናገራል። ከቀብርህ በኋላ በዘጠነኛው ቀን ጸሎትህ ላይ፣ ሚስትህ ባለችበት፣ በገዛ አሳማዎችህ ሽንት ሞተ ብዬ እናገራለሁ። ከተናገርክ ግን መድኃኒት አለው። በሁለቱም መንገድ ሰው ያውቃል። ልዩነቱ አንተ መኖርህና አለመኖርህ ብቻ ነው።»

ዶን ሊሳንድሮ ዓይኑን ጨፈነ። ከጥጉ እንባ ወረደ፤ አልራራችም። ቆይቶ እጁን አነሳ፤ ፊዮርዳሊሳ ሮጣ ሐኪሙን ጠራችው። ወጣቱ ሐኪም ጎንበስ አለ።

«ምን አሉ?»

«ውሃ... ገብቻለሁ።»

«የት?»

ዶን ሊሳንድሮ አንገቱን አዞረ። ቴዎፊላን አያት፤ እሷም አየችው።

«ቦዩ ውስጥ። የአሳማዎቼ... እጣቢ የሚገባበት።»

«ጮክ በል» አለችው ቴዎፊላ። «ወንድምህ አልሰማም።»

መጋረጃው ተገልጦ ወንድሙ ስልኩን ይዞ ቆሟል። ነርሷ ቆማለች። ሚስቱ አፏን በመዳፏ ሸፍናለች።

«እጣቢውን ቦዩ ውስጥ እለቀዋለሁ» አለ ሕመምተኛው፤ ድምፁ ተሰባበረ። «በቧንቧ። እሑድ እሑድ።»

«ከመቼ ጀምሮ? ልጄ ከመሞቱ በፊት ነው በኋላ?»

«በፊት።»

«ስሙን ጥራው።»

«አማብሌ ከመሞቱ በፊት።»

ሐኪሙ ቀጥ ብሎ ተነሳና ነርሷን በጩኸት ፔኒሲሊን አዘዛት፤ ወደ ዋና ከተማው ኩላሊት የሚያጥቡበት ሆስፒታል ይደወል አለ። ሰው ሁሉ መሯሯጥ ያዘ። ፊዮርዳሊሳ የቴዎፊላ እግር ላይ ወደቀች። «አዳንሽልኝ! አዳንሽልኝ!» እያለች የቀሚሷን ጫፍ ሳመች። ቴዎፊላ ቀሚሷን ቀስ ብላ ከእጇ አስለቀቀችና እንደገና ወደ አልጋው ጎንበስ አለች።

«ዕድሜ ይስጥህ» አለችው። «ከልቤ ነው የምለው፣ ረጅም ዕድሜ ይስጥህ። ከመንደሩ እንዳትወጣ ደግሞ። ቤቴ ከመንገዱ ዳር ነው፤ በየቀኑ ስታልፍ አይሃለሁ።»